የስኮትላንድ የዘር ሐረግን በሩቅ ዘመዶች እርዳታ መከተል፦ ደረጃ በደረጃ

የስኮትላንድ ወገኑን መፈለግ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በአጭር ይተወዋል። ምክንያቱ ደግሞ ከሰው ሳይሆን ከቤተሰብ ስም መነሳቱ ነው። «ካምቤል ነን» ብሎ የካምቤሎችን ገድል ሲያገላብጥ ይከርማል፤ አለዚያም ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው የዘር ዛፍ ገልብጦ የራሱ ያደርገዋል። በስኮትላንድ ግን የቤተሰብ ስም መጋራት ብቻውን ዝምድና አይሆንም። ጭሰኛው የጎሳውን አለቃ ስም የሚይዝበት ጊዜ ነበርና። ሱቅ የሚሸጠውን «የቤተሰባችሁ ጋሻ» የሚባለውን ዓርማ ደግሞ እርሱት፤ በስኮትላንድ ሕግ ጋሻ የአንድ ግለሰብ እንጂ የስም ተጋሪዎች ሁሉ ንብረት አይደለም።

የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው፦ በትክክል ከሚታወቅ አንድ ሰው ተነስቶ በሰነድ ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያ በወንድምና በእህት በኩል ወደ ጎን መሄድ፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ዛሬ በሕይወት ያለውን ዘመድ ማግኘት። የድሮው ደብዳቤ፣ ፎቶግራፉ፣ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ቅዱስ ያለው መዝገብ ቤት ሳይሆን እሱ ዘንድ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለራሱም ሆነ ለትዳር ጓደኛው ወይም አንድ ወገናቸው ስኮትላንዳዊ ለሆነ ልጆቹ ለሚፈልግ ያገለግላል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ደብተር ወይም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ነገር ይመዝገብ፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ይህን የነገራችሁ ሰነድ ወይም ሰው፣ እና ፈልጋችሁ ያጣችሁት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሦስት ወር በኋላም ያንኑ ፍለጋ በገንዘቡ ይደግመዋል።

ስሞችን በግዕዝ ፊደል ብቻ አትጻፉ። በእኛ ፊደል አንድ ዓይነት የሚሆኑ፣ በላቲን ግን ሁለትና ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ያላቸው ስሞች ብዙ ናቸው። በሰነዱ ላይ እንዳለ፣ ስሕተቱንም ሳታርሙ ገልብጡ።

ቀኖችን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አትቀይሩ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አንዴ ከተደባለቀ አባትና ልጅን ያቀያይራል።

ሴቶችን በአባታቸው ቤት ስም መዝግቡ። ይህ ለእኛ አንባቢ አዲስ አይደለም። የስኮትላንድ ሴት በኑሮ በባሏ ስም ብትጠራም በሕግ ሰነድና በመቃብር ድንጋይ ላይ የትውልድ ስሟ አብሮ ይሰፍራል። በመዝገብ ማውጫም የሞተች ባለትዳር በሁለቱም ስም ትገኛለች። አንዱ ከጠፋ በሌላው ፈልጉ።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ያለውን ልቀሙ

በዕድሜ የገፋውን ዘመድ አስቀድሙ። መዝገቡ ይጠብቃል፣ ሰውየው ላይጠብቅ ይችላል። «ስለ ቤተሰባችን ንገሩኝ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምትሰሙት ሁልጊዜ የሚወራውን ያንኑ ወግ ነው። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦

– ገና ሲደርስ ካርድ የሚልኩት እነማን ነበሩ? ከየትኛው አገር?
– በአያታችሁ ቀብር ላይ ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር?
– ያላገባ አጎት ወይም ያላገባች አክስት ነበሩ? ንብረታቸው ለማን ቀረ?
– ስሙ የማይነሳ ሰው አለ?

ከዚያ ዕቃውን ተመልከቱ። የድሮ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤቱ ስምና ከተማ ታትሞ ይገኛል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳሊያ ጠርዝ ላይ የወታደሩ ቁጥር፣ ስምና ክፍል ተቀርጿል። የድሮ አድራሻ ደብተር ከተገኘ ደግሞ ሩቁን ዘመድ ለማግኘት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ደረጃ 2፦ ሰነድ በሰነድ ወደ ላይ ውጡ

በስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ጀምሮ ነው። መዝገቡን የያዘው የስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ሲሆን ስኮትላንድስ ፒፕል በሚባለው ድረ ገጹ ይገኛል። ማውጫውን መፈለግ በነፃ ነው፤ የገጹን ምስል መክፈት ግን በክሬዲት ይከፈልበታል። የአብዛኞቹ መዝገቦች አንድ ምስል 6 ክሬዲት ይወስዳል፤ 30 ክሬዲት 7.50 ፓውንድ ሲሸጥ ቆይቷል። ዋጋው ሊቀየር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት ተመልከቱ። አንዴ የከፈታችሁት ምስል በአካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣልና ሁለት ጊዜ አትክፈሉ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ. ከሞት መዝገቡ ጀምሩ። የሟቹን አባትና እናት፣ የእናቱንም የአባት ቤት ስም ይሰጣል።

ለ. ወደ ጋብቻ መዝገቡ እለፉ። የሙሽራውም የሙሽሪትም ወላጆች አራቱም ተጽፈዋል። ከወላጅ ስም ጎን «ሟች» የሚል ቃል ካለ የወላጁን ሞት ከዚያ ቀን በፊት ፈልጉ።

ሐ. በመጨረሻ የልደት መዝገቡን ክፈቱ። ከ1861 ጀምሮ የወላጆቹ የጋብቻ ቀንና ቦታ አብሮ ስለሚጻፍ የቀጣዩን ትውልድ ጋብቻ በግምት አትፈልጉም።

ሦስቱ ሰነዶች በእናት ስም ካልተስማሙ ወደ ላይ አትውጡ። የሞት መዝገብ የተናጋሪውን ያህል ነው የሚታመነው። ሟቹ የራሱን ወላጆች አልመዘገበም፤ አማቹ ወይም ጎረቤቱ ነው የመዘገበለት። የሟቹን እናትና የሚስቱን እናት ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው። በጋብቻ ቀን ሙሽራው ራሱ የተናገረው ይበልጣል።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ አቋራጭ አለ። የ1855 መዝገብ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ዝርዝር ነው፤ ልደቱ የወላጆችን ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ ሞቱ የትዳር ጓደኛንና የልጆችን ስም ይዟል። ሥራው ስለከበደ በዓመቱ ተቀነሰ። ቀጥታ አያታችሁ በ1855 ምንም ባይኖረው ወንድሙ ወይም እህቱ ያን ዓመት ወልደው፣ አግብተው ወይም ሞተው እንደሆነ ፈትሹ።

በድረ ገጹ የገጽ ምስል የማይከፈተው ልደት 100፣ ጋብቻ 75፣ ሞት 50 ዓመት እስኪሞላው ነው። ለእነዚህ ቅጂውን ማዘዝ፣ አለዚያም ኤድንብራ ወደሚገኘው ማዕከል ሄዶ ለቀኑ ከፍሎ ማየት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ወደ ጎን ሂዱ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቅድመ አያቱን ሲያገኝ የቅድመ አያቱን አባት ይፈልጋል፤ ሰባት ቤት መቁጠር ይቸኩላል። የሩቅ ዘመድ ግን የሚገኘው በወንድምና በእህት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትውልድ ቆማችሁ የእናት ልጆችን ሁሉ ሙሉ።

የሕዝብ ቆጠራው እዚህ ይጠቅማል። ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ያለው እስከ 1921 ድረስ ተከፍቷል። የ1911ዱ ባልና ሚስት በትዳር የቆዩበትን ዓመት፣ የተወለዱላቸውን ልጆች ቁጥርና በሕይወት ያሉትን ይነግራል። «ዘጠኝ ተወለዱ፣ ስድስት አሉ» የሚል ከሆነና እናንተ አራት ብቻ ካገኛችሁ ሁለት ሰው ጠፍቶባችኋል ማለት ነው፤ ምናልባት ካናዳ ወይም ኒውዚላንድ ናቸው። የ1841ዱን በጥንቃቄ አንብቡ። ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ያጠጋጋ ነበር፤ 39 ዓመት የሆነው ሰው 35 ተብሎ ይገኛል። ዝምድናም አይጽፍም፤ አብረው የሚኖሩ ሁሉ ልጆች ናቸው ብላችሁ አትደምድሙ።

ከሁሉ በላይ ያላገቡትን ፈልጉ። ያላገባች አክስት ስትሞት ሞቷን የሚያስመዘግበው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው፤ ስሙ፣ ዝምድናውና ብዙ ጊዜ አድራሻውም በአስመዝጋቢው ዓምድ ላይ ይሰፍራል። ኑዛዜ ከተወች ደግሞ በባሕር ማዶ ያሉትን የወንድሞቿን ልጆች በስም ልትዘረዝር ትችላለች። እስከ 1925 ያሉት ኑዛዜዎች በዚያው ድረ ገጽ ይገኛሉ። በእኔ ግምት ከአንድ ያላገባች አክስት ኑዛዜ የሚገኘው ዘመድ ከአሥር የሕዝብ ቆጠራ ገጽ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ በሕይወት ያለውን ዘመድ አግኙ

አሁን ከእያንዳንዱ ወንድምና እህት ወደ ታች ውረዱ፦ ጋብቻ፣ ልጆች፣ የልጆቹ ጋብቻ። ዱካው በስኮትላንድ ውስጥ ከጠፋ ስደት ገምቱ። ብዙ ስኮትላንዳውያን ወደ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ፣ ከ1848 ጀምሮ ደግሞ ወደ ኒውዚላንድ ኦታጎ፣ ወደ አውስትራሊያና አሜሪካ ሄደዋል።

– ለአውስትራሊያ ትሮቭ፣ ለኒውዚላንድ ፔፐርስ ፓስት የሚባሉትን የጋዜጣ ማኅደሮች ተጠቀሙ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። የኀዘን ማስታወቂያ ሟቹ ከየትኛው የስኮትላንድ አጥቢያ እንደመጣ ይናገራል። በማስታወቂያው መጨረሻ «የአገር ቤት ጋዜጦች ይህን ያውጡልን» የሚል ካለ እዚያ የቀረ ቤተሰብ ነበረው ማለት ነው።
– በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የሞተ ሰው ከሆነ የሞት ሰነዱን ግዙ። የወላጆቹን ስም፣ የትውልድ ቦታውን፣ ያገባበትን ቦታ፣ የልጆቹን ስምና ዕድሜ፣ በቅኝ ግዛቱ የኖረበትን ዘመን ይዟል። ከስኮትላንዱ ይበልጣል።
– የቅርቡን የኀዘን ማስታወቂያ ፈልጉ። ከሟች የተረፉት ልጆችና የልጅ ልጆች ተዘርዝረው ይገኛሉ።
– በአካባቢው ያለውን የቤተሰብ ታሪክ ማኅበር ጠይቁ። የመቃብር ድንጋይ ጽሑፎችን የሰበሰቡት እነሱ ናቸው፤ ያንኑ ስም ሌላ ሰው ሲፈልግ ከሆነም ያውቃሉ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፉ

ደብዳቤው ከአሥር መስመር አይለፍ። «ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ ተቀባዩ ሥራው ስለሚበዛበት ያቆየውና ይረሳዋል። አራት ነገር ይኑረው፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የጋራው ሰው ማን እንደሆነ፣ አንድ ማስረጃ፣ አንድ ጥያቄ። በዚህ መልክ፦

«ስሜ እገሌ ነው። የባለቤቴ ቅድመ አያት እገሊት በእገሌ አጥቢያ በ1871 ተወለደች። አያትዎ የወንድሟ የእገሌ ልጅ ይመስሉኛል፤ የወንድምየውን የጋብቻ መዝገብ አያይዣለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ኦታጎ የሄደው መቼ እንደሆነ በቤታችሁ ይነገራል? ያለኝን በደስታ እልካለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ሳላስፈቅድ የትም አላወጣም።»

በመጀመሪያው ደብዳቤ እነዚህን አትጠይቁ፦ የልደት ቀን፣ የእናትን የትውልድ ስም፣ የቤት አድራሻ፣ የዲኤንኤ ምርመራ። የእናት የትውልድ ስም ባንኮች ለማንነት ማረጋገጫ ሲጠይቁት የኖረ ነው፤ አንድ አዛውንት ከማያውቁት ሰው ይህ ሲጠየቁ አጭበርባሪ መጣ ብለው ቢዘጉ ትክክል ናቸው። ስለ ገንዘብና ስለ ውርስ አንድም ቃል አይግባ።

መልስ ካልመጣ አንድ ወር ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። ሁለተኛው ዝም ከተባለ ያንን ሰው ተዉት፤ የእሱን ወንድም ወይም የአጎቱን ልጅ ሞክሩ። በአንድ ቤት ውስጥ የዘር ነገር የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ይህን የምታውቀው እገሊት ናት» ብለው የሚያስተላልፉም አሉ።

ደረጃ 6፦ የተላከላችሁን ፈትሹ

ዘመድ የላከው የዘር ዛፍ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በተለየ ቀለም መዝግቡት፤ እያንዳንዱን ሰው ከመዝገቡ ካላረጋገጣችሁ ቀለሙን አትቀይሩ። ልታምኑት የማይገባው ዛፍ ምልክት አለው፦ እናት ከልጇ በ12 ዓመት ብቻ ስትበልጥ፣ አንድ ሰው በሁለት አጥቢያ በአንድ ዓመት ሲወለድ፣ ወይም ሐረጉ ንጉሥ ጋ ደርሶ ሲያቆም።

ወረቀት ወይም ፎቶ ካላቸው ዋናውን አታስልኩ፤ በፖስታ ይጠፋል። ፊትና ጀርባውን በስልክ አንስተው እንዲልኩ ጠይቁ። ጀርባውን ካላስታወሳችኋቸው ስም የተጻፈበትን ገጽ ሳያነሱት ይቀራሉ። የተሰጣችሁንም ያህል መልሱ፤ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ሁለተኛ ዙር አያገኝም።

ደረጃ 7፦ ዲኤንኤ፣ በቦታው

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት አትመርመሩ። በስኮትላንዱ ወገን በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አስቀድሙ፤ ልጅ የወላጁን ግማሽ ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ ወላጁ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ቢመረመር ግን አንድ ጥቅም አለ፦ የስኮትላንድ ተዛማጆቹ በየትኛው ወላጅ በኩል እንደመጡ ለመለየት አይቸግርም።

የተዛማጅነቱ መጠን የሚለካው ሴንቲሞርጋን በሚባል አሃድ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዝምድናው ይቀርባል። በብዙ ፈቃደኞች ውጤት ላይ ተመሥርቶ የተሰበሰበው አኃዝ ይህን ይመስላል፦

– በአያት የሚገናኙ፦ አማካይ 866፣ ከ396 እስከ 1397
– በቅድመ አያት የሚገናኙ፦ አማካይ 229፣ ከ41 እስከ 592
– በምንጅላት የሚገናኙ፦ አማካይ 73፣ ከ0 እስከ 234
– ከዚያ አንድ ትውልድ በላይ፦ አማካይ 35፣ ከ0 እስከ 139

ዜሮውን ልብ በሉ። በምንጅላት ከሚገናኙ አሥር ሰዎች አንዱ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግማሹ ያህል፣ እውነተኛ ዘመድ ሆኖም ምንም ላይጋራ ይችላል። «አልተዛመድንም» ብላችሁ የወረቀቱን ማስረጃ አትጣሉ። በተቃራኒው እንደ ሉዊስ ባሉ ደሴቶች ሰው ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ስለተጋባ ቁጥሩ ይንራል፤ እዚያ ዝምድናውን ከቁጥሩ ይልቅ አርቃችሁ ገምቱ። የወንዱ ክሮሞሶም ምርመራ የሚከተለው የአባት የአባትን መስመር ብቻ ነው፤ በእናት በኩል ላለው ፍለጋ ገንዘብ አታባክኑበት።

ደረጃ 8፦ ከ1855 በፊት

እዚህ ያለው የቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዝገብ ነው፤ ጥንታዊው ከኤሮል አጥቢያ ሲሆን በ1553 ይጀምራል። ብዙ አጥቢያ ግን የሚጀምረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የጥምቀቱ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የእናትን የአባት ቤት ስም ይሰጣል፣ ጋብቻው ወላጆችን ብዙም አይጠቅስም፣ የቀብሩ ከሁሉ ይሳሳል። ማስመዝገብ ግዴታ አልነበረምና አለመገኘት አለመወለድ አይደለም። ከ1783 እስከ 1794 ለእያንዳንዱ ምዝገባ ሦስት ፔንስ ግብር ስለነበረ ብዙ ወላጅ ቀረ። በ1843 ቤተ ክርስቲያኑ ስለተከፈለ ከዚያ በኋላ ያለውን ተገንጥላ በወጣችው በነፃይቱ ቤተ ክርስቲያን መዝገብም ፈልጉ።

የስም አወጣጡን ልማድ ለግምት ተጠቀሙበት፦ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በአባቱ ይጠራል፤ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት። ሁሉም አይከተለውም። መካከለኛው ስም የቤተሰብ ስም ከመሰለ የሴት አያት የትውልድ ስም ሊሆን ይችላል።

ሲበላሽ

ስሙ ጨርሶ አይገኝም። «ማክ» የሚለውን በሁሉም አጻጻፍ ሞክሩ፤ ያልታወቀውን ፊደል በኮከብ ምልክት (*) ተኩ። ፓትሪክና ፒተር፣ ዶናልድና ዳንኤል፣ ጄን፣ ጃኔትና ጄሲ እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። የአያትየው ቋንቋ ጌሊክ ከሆነ ጸሐፊው የሰማውን ወደ እንግሊዝኛ ስም ቀይሮታል። በሼትላንድ ደሴቶች ደግሞ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ልጅ እንደኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ቢኖራቸው አትደንግጡ።

አንድ ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች ተገኙ። ሦስቱንም እስከ ሞታቸው ተከተሉ፤ የሚቀረው የእናንተ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ስሙ ስለተደጋገመ ሰዎቹ ቅጽል ስም ነበራቸው፤ መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን የተጻፈውን ትርፍ የሚመስል ቃል አትዝለሉ።

የአባት ስም ባዶ ነው። ያላገባች እናት ከሆነች አባትየው አብሯት ቀርቦ ካልፈረመ ስሙ አይሰፍርም። በገጹ ኅዳግ ላይ ወደ እርማት መዝገብ የሚመራ ማስታወሻ ካለ ክፈቱት፤ ፍርድ ቤት አባቱን ወስኖ ሊሆን ይችላል። ከሌለ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ አንብቡ፤ እናትየዋን ጠርተው «አባቱ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ግላስጎው የኖረች ከሆነ በሚቼል ቤተ መጻሕፍት ያለውን የድሆች እርዳታ ማመልከቻ ፈልጉ፤ የትውልድ ቦታና የወላጆች ስም ይገኝበታል።

ጋብቻው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልተፈጸመም። በምስክሮች ፊት ተስማምቶ መጋባት እስከ 1940 ሕጋዊ ነበር። ስሕተት አይደለምና እለፉ፤ የምስክሮቹን ስም ግን መዝግቡ፣ አንዱ እህት ወይም ወንድም ሊሆን ይችላል።

ዘመድየው የማይፈለግ ነገር ሰማና ተቀየመ። ስለ ከጋብቻ ውጭ ልደት፣ ስለ እስር፣ ስለ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያገኛችሁትን ሳትጠየቁ አትላኩ። «ከባድ ሊሆን የሚችል ሰነድ አግኝቻለሁ፤ ልላክልዎ ወይስ ይቅር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይቅር ካሉ ይቅር።